ጀርባውን ሳታይ አትግዛ

የእህቴ ልጅ፣

የላክህልኝን ፎቶ አየሁት። እጀታው ያምራል፤ ቀለሙ የበሰለ፣ ወዙ የወጣ ነው። ነገር ግን የላክኸው ሁሉ የፊቱ ፎቶ ነው። ሻጩ ጀርባውን አላሳይም አለህ ወይስ አንተም አልጠየቅኸውም? አሮጌ የሽጉጥ እጀታ መግዛትና መሸጥ ከጀመርክ ወዲህ በስልክ በቁርጥራጭ የነገርኩህን ሰብሰብ አድርጌ ብጽፍልህ ይሻላል ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት። እንደምታውቀው የተኩስ ሰው አይደለሁም፤ የእንጨት ሰው ነኝ። እዚህ አሜሪካ ሰብሳቢዎች የተሰነጠቀና የተፈለቀቀ እጀታ እያመጡ ሲያሠሩኝ በእጄ ካለፈው ነው የምነግርህ።

የማወራውም ስለ ሲንግል አክሽን ሪቮልቨር ብቻ ነው። መዶሻውን በአውራ ጣትህ ካልሳብከው ምላጩ ብቻውን የማያስተኩሰው፣ በካውቦይ ፊልም የምታየው ስድስት ጎራሽ ማለቴ ነው።

1. ባዶ መሆኑን በዓይንህ እይ።

እጀታው ከነሽጉጡ ከመጣ ካቻቢቴ ከማንሳትህ በፊት ጥይት አለመኖሩን አረጋግጥ። በኮልትና በአምሳያዎቹ ላይ መዶሻውን እስከ ግማሽ ስበህ፣ በቀኝ በኩል ያለችውን የጥይት መጉረሻ በር ትከፍታለህ፤ ከዚያ ሲሊንደሩን እያዞርክ ስድስቱንም ቀዳዳ ታያለህ። ከ1973 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) ወዲህ በወጡት ኒው ሞዴል የሩገር ሽጉጦች ግን መዶሻው አይነካም፤ በሯ ስትከፈት ሲሊንደሩ ይለቃል። ሻጩ «ባዶ ነው» ቢልህ አመስግነውና አንተው እይ።

2. አትፈልቅቅ።

ባለ ሁለት ክፋዩን እጀታ የሚይዘው ከጎን ወደ ጎን የሚያልፍ አንድ ብሎን ነው። ብዙ ሰው ብሎኑን አውጥቶ ያስቀምጥና ካቻቢቴውን በእንጨቱና በብረቱ መካከል ሰክቶ ይፈለቅቃል። በየገበያው ጠርዙ ተሰንጥሮ የምታየው እጀታ አብዛኛው የዚህ ሰለባ ነው። ብሎኑን ሙሉ በሙሉ አታውጣው። ጥቂት ዙር ፍታውና የብሎኑን ራስ በካቻቢቴው እጀታ ቀስ አድርገህ ምታው፤ የወዲያኛው ክፋይ በራሱ ጊዜ ይለቃል። የወዲህኛውን ከዚያ በኋላ ከውስጥ በጣትህ ትገፋዋለህ። ካቻቢቴህም የብሎኑን ቦይ ሙሉ በሙሉ የሚሞላ ይሁን፤ የተበላ ብሎን እጀታው ስንት ሰው እጅ እንደገባ ያሳብቃል።

አንድ ወጥ የሆነው የኮልት እጀታ ላይ ግን ይህን ብሎን ፈልገህ አታገኘውም። የጀርባ ብረቱ ከመዶሻው ኋላ በሁለት ብሎን፣ ከታች በእግሩ በኩል ደግሞ በአንድ ብሎን ተይዟል። እነዚህን ሦስቱን ፈትተህ የጀርባ ብረቱን ስታወጣ እንጨቱ አብሮ ይወጣል።

3. ጀርባውን አንብብ።

ከዚህ ደብዳቤ አንድ ምክር ብቻ ትይዛለህ ብባል የምመርጥልህ ይህንን ነው። ፊቱን ማንም ያሳምረዋል። ቫርኒሽ አለ፣ የእንጨት ቀለም አለ፤ የጫማ ቀለም የተቀባም አይቻለሁ። ጀርባውን ለማሳመር ግን የሚደክም ሰው ጥቂት ነው፤ ገዢው አያየውም ብሎ ስለሚያስብ እንዳለ ይተወዋል።

መጀመሪያ እድፉን ተመልከት። ዋልነት የሚባለው እንጨት በውስጡ ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ታኒን ከብረትና ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር እድፍ ይሠራል። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት በብረት ላይ የኖረ ዋልነት፣ ብረቱ በነካው ጠርዝ ሁሉ ላይ ጥቁር መስመር ይዞ ይወጣል። መስመሩ የተሰመረ ሳይሆን ወደ እንጨቱ የጠለቀ፣ አንዳንድ ቦታ የወፈረ፣ አንዳንድ ቦታ የቀጠነ ነው። በናስ ላይ የኖረ ከሆነ ደግሞ ከቅባትና ከቆሻሻ ጋር የተቀላቀለ አረንጓዴ ነገር ታገኛለህ። አልሙኒየም እንዲህ ያለ ጥቁር መስመር አይተውም፤ በብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ ብቻ ጥቂት ልታይ ትችላለህ። አሁን ይህን ከሻጩ ወሬ ጋር አስተያየው። የኮልት 1851 ኔቪ የእጀታ ብረት አብዛኛውን ጊዜ ብር የተቀባ ናስ ነው። የድሮው ሩገር ብላክሆክ የእጀታ ብረት አልሙኒየም ነው። የኮልት ሲንግል አክሽን አርሚ ብረት ነው። ሻጩ «ከኔቪ የወረደ ነው» ብሎህ ጀርባው ላይ ጥቁር የብረት መስመር ብቻ ከሆነ ያለው፣ ወይ እንጨቱ ሌላ ሽጉጥ ላይ ኖሯል፣ ወይ ሻጩ የሰማውን እየደገመልህ ነው።

ቀጥሎ የመሣሪያውን ዱካ ተመልከት። አንድ ሰው የ1870ዎቹ ነው የተባለ አንድ ወጥ እጀታ ይዞልኝ መጣ። ፊቱ ጥቁር ቡናማ፣ ጥግ ጥጉ የተበላ፣ እዚህም እዚያም የተጫጫረ ነበር። ወደ መስኮቱ ወስጄ ብርሃኑ በአግድም እንዲያርፍበት አዘነበልኩትና የጀርባ ብረቱ የሚገባበትን ቦይ አየሁ። ከላይ እስከ ታች እኩል ስፋት፣ እኩል ርቀት ያላቸው ጥቃቅን ሞገዶች ተደርድረዋል። ጫፉ ክብ የሆነ መቁረጫ በኮምፒውተር እየተመራ ሲመላለስ የሚተወው ምልክት ነው። ቀለሙም ወደ ቦዩ ውስጥ ፈሶ፣ ሞገዶቹ መካከል ላይ ረግቶ ደርቋል። ሰውየው ምን እንዳየሁ ሳልነግረው ከፊቴ አነበበው። እርግጥ ኮልት በዚያ ዘመንም በማሽን ይሠራ ነበር፤ ስለዚህ የማሽን ዱካ ብቻውን ወንጀል አይደለም። የመጨረሻው ማላመድ ግን በእጅ ነበር። አሮጌው ላይ የሞረድ ጭረት፣ የመሮ ምት፣ አንዱ ከሌላው ጋር የማይመሳሰል ግድፈት ታያለህ።

ሦስተኛው ቁጥር ነው። በአሮጌው አንድ ወጥ የኮልት እጀታ ላይ የሽጉጡ ተከታታይ ቁጥር በጀርባው ቦይ ውስጥ በቀለም ወይም በእርሳስ ተጽፎ ይገኛል። በስሚዝ ኤንድ ዌሰን ቁጥሩን የምትፈልገው በቀኙ ክፋይ ጀርባ ነው። ጽሕፈቱ ስለሚደበዝዝ ትንሽ ባትሪ ከጎን እያበራህ ፈልገው። በእርጥብ ጨርቅ አትወልውለው፤ መቶ ዓመት የቆየውን እርሳስ በአንድ ማበስ ታጠፋዋለህ። ቁጥሩ ደምቆ፣ ጥቁር ሆኖ፣ ከዙሪያው ቆሻሻ በላይ ተቀምጦ ካገኘኸው ደግሞ ጠርጥር። ቆሻሻው ከጽሕፈቱ በላይ መሆን አለበት እንጂ ጽሕፈቱ ከቆሻሻው በላይ አይሆንም።

4. ኮልትን ከነዘመኑ እወቅ።

ሲንግል አክሽን አርሚ በ1873 ከሃርትፎርድ፣ ኮነቲከት ወጣ። የመጀመሪያው ትውልድ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መባቻ ድረስ ተሠራ። ሁለተኛው ከ1956 ጀምሮ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ዘለቀ፤ ሦስተኛው ከ1976 ወዲህ ያለው ነው። መጀመሪያ ላይ መደበኛው እጀታ አንድ ወጥ ዋልነት ነበር። ከ1882 ገደማ ጀምሮ ለሲቪል በሚሸጡት ላይ ንስር የተቀረጸበት ጥቁር ጠንካራ ጎማ መደበኛ ሆነ፤ በ1890ዎቹ አጋማሽ ንስሩም ቀረ። ለጦር ሠራዊቱ የሚሄዱት ግን በዋልነታቸው ቀጠሉ።

ይህ ለአንተ ምን ይጠቅማል? አንድ ሰው የ1890ዎቹን የሲቪል ኮልት ከነዋልነት እጀታው «ከፋብሪካ እንደወጣ» ብሎ ቢያመጣልህ፣ በልዩ ትእዛዝ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ግን ማስረጃ ጠይቅ። ኮልት ራሱ ከመዝገቡ እያወጣ የሚሰጠው ደብዳቤ አለ፤ አንዳንዴ የእጀታው ዓይነት እዚያ ላይ ተጽፎ ይገኛል፣ ብዙ ጊዜ ግን አይገኝም። የኮልት ፈረስ ሜዳሊያ የተቀበረበት የዋልነት ክፋይ ይዞ «የ1880 ነው» የሚልህን ግን ሰላም ብለኸው እለፍ። እንዲህ ያለው ዋልነት እንደ ኒው ፍሮንቲየር ባሉት ኮልቶች፣ ከ1961 ወዲህ በወጡት ላይ የምታየው ነው።

መጠኑንም ልብ በል። የሲንግል አክሽን አርሚ እጀታ መጠንና ቅርጽ ከ1851 ኔቪ የተወረሰ ነው። የ1860 አርሚ እጀታ ረዘም ይላል። በ1894 የወጣው ቢዝሊ ደግሞ ጀርባው ወደ ላይ የተቆለመመ፣ ከሌሎቹ ጋር የማይገጥም ራሱን የቻለ ቅርጽ ነው። ከአንድ ጥርብ የተቀረጸ እጀታ ከሆነ ደግሞ ገልብጠህ ከእግሩ በኩል እየው፤ የግራውና የቀኙ የእንጨት መስመር እዚያ ላይ ይገናኛል። መስመሩ መሃል ላይ ተቋርጦ የኮላ ጭረት ካየህ፣ ሁለት ክፋይ በመካከላቸው ሽብልቅ ገብቶ የተጣበቁ ናቸው። የዘመኑ ባለሙያዎች እንዲህ አድርገው በጣም ጥሩ እጀታ ይሠራሉ፤ በዋጋውም በስሙም የዘመኑ ይሁን እንጂ ነውር የለበትም።

5. ማኅተም ሲያሳዩህ ዓይንህን አጥብብ።

የአሜሪካ መንግሥት ከ1873 እስከ 1891 ወደ 37,000 የሚጠጋ ሲንግል አክሽን ገዝቷል። እነዚህን የመረመሩ ሰዎች የስማቸውን መነሻ ፊደላት በእጀታው ላይ በማኅተም ይመቱ ነበር፤ ኦርቪል ኤንስዎርዝ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ሄንሪ ኔትልተን በ1878 አካባቢ፣ ዴቪድ ክላርክ በ1880ዎቹ። አስመሳዮች ከሁሉ የሚወዱት የኤንስዎርዝን ነው። ምክንያቱም በ1876 በሊትል ቢግሆርን ውጊያ በከስተር የተመራው ሰባተኛው ፈረሰኛ ጦር የታጠቀው የእርሱ ምርመራ ያለፈበትን ሽጉጥ ነበርና፣ አንድ ማኅተም ዋጋውን ሰማይ ያደርሰዋል።

እውነተኛ ማኅተም የእንጨቱን ጭረት ይደፈጥጠዋል እንጂ አይቆርጠውም፣ አያቃጥለውምም። በማጉያ መነጽር ስታየው የእንጨቱ መስመሮች ወደ ፊደሉ ውስጥ ጎንበስ ብለው ገብተው ሲወጡ ታያለህ። በጨረር የተቃጠለ ግን የፊደሉ ጠርዝ ጠቁሮ፣ ግርጌው ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል። ከዚያ ደግሞ ዙሪያውን ተመልከት፤ ማኅተሙና ዙሪያው አብረው ማርጀት አለባቸው። እጀታው በእጅ ታሽቶ ታሽቶ ጥግ ጥጉ ክብ ሆኖ፣ ማኅተሙ ግን ትናንት የተመታ መስሎ ቁልጭ ካለ፣ ትናንት ነው የተመታው። ጭረት ካለ ጭረቱ ማኅተሙን አቋርጦ ማለፍ አለበት፤ ማኅተሙ ጭረቱን ካቋረጠው ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የሚያደናግር ነገር ልንገርህ። ከ1895 ጀምሮ መንግሥት ከእነዚህ ሽጉጦች ብዙዎቹን ሰብስቦ፣ አፈሙዛቸውን ከ7½ ወደ 5½ ኢንች አሳጥሮ አድሷቸዋል። ሰብሳቢዎች አርቲለሪ ሞዴል ይሏቸዋል። ሲታደሱ የአንዱ ዕቃ ለሌላው ስለተገጠመ ቁጥሮቻቸው የተደበላለቁ ናቸው፤ እጀታቸውም ላይ የመርማሪው የሪናልዶ ካር ማኅተም ይገኛል። ስለዚህ በአርቲለሪ ላይ የእጀታው ቁጥር ከሽጉጡ አልገጠመም ብለህ ጥሩ ዕቃ አትጣል። እንዲያውም ሁሉም ቁጥር የሚገጥምለት አርቲለሪ ሲያመጡልህ ነው መጠየቅ ያለብህ።

6. ሩገር ሁሉ አንድ አይደለም።

ጀማሪ ገንዘቡን የሚያጠፋው ኮልት ላይ አይደለም፤ ኮልት ውድ ስለሆነ ሰው ይጠነቀቃል። የሚያጠፋው ሩገር ላይ ነው። «የሩገር ሲንግል አክሽን እጀታ» ብሎ የሚሸጥ ሰው ምንም አልነገረህም።

ሲንግል ሲክስ በ1953፣ ብላክሆክ በ1955፣ ሱፐር ብላክሆክ በ1959 ወጡ። የመጀመሪያዎቹ ብላክሆኮችና ሲንግል ሲክሶች የእጀታ ብረት «ኤክስ አር 3» የሚባለው ነው፤ ቅርጹ ወደ ኮልት ይቀርባል። በ1963 ገደማ ከምላጩ ቀለበት ኋላ ለጣት አንጓ ሰፋ ያለ ቦታ እንዲኖር ቅርጹ ተቀየረ፤ እሱ «ኤክስ አር 3 ሬድ» ይባላል። ጽሑፉ ብረቱ ላይ በውስጥ በኩል ስላለ ክፋዩን ስታነሳ ታነበዋለህ። የአንዱ እንጨት በሌላው ላይ ብሎኑ ሊይዝ ይችላል፤ ግን ከምላጩ ቀለበት በታች ከፊት በኩል ያለው ጠርዝ አይገናኝም፤ ወይ ብረቱ ባዶውን ይታያል፣ ወይ እንጨቱ ይወጣል። ሻጮች ፎቶ ሲያነሱ ከኋላና ከጎን የሚያነሱት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አንዳንዴ እጠረጥራለሁ።

ሱፐር ብላክሆክ ረዘም ያለ እጀታ፣ የኋላው ማዕዘን የሆነ የምላጭ ቀለበት አለው፤ የእጀታ ብረቱም አልሙኒየም ሳይሆን ብረት ነው። የሩገር ቢዝሊ ሌላ፣ ትንሿ ቤርካት ሌላ ናት። በ2005 የወጣው ኒው ቫኬሮ ከቀደመው የ1993 ቫኬሮ አነስ ስለሚል እጀታቸውን አንድ ነው ብለህ አትግዛ።

ዕድሜውን ለመገመት ሜዳሊያው ይረዳል። የሩገር ንስር በድሮዎቹ ላይ ጥቁር መደብ ነበረው፤ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ በኋላ ብርማ ሆነ። ሆኖም ሜዳሊያ ተነቅሎ ሌላ ላይ ሊተከል ይችላል፤ ጠርዙ ላይ የኮላ ርዝራዥ ወይም ቀዳዳው ከሜዳሊያው የሰፋ መሆኑን እይ።

ከኮልት ለመለየት ደግሞ ውስጡን ተመልከት። ኮልት ጠፍጣፋ ሞላ ነው የሚጠቀመው፤ ሩገር ጥምዝምዝ ሞላ በዘንግ ላይ። ስለዚህ ከእንጨቱ ጀርባ ለሞላው ተብሎ የተቦረቦረው ቦታ ቅርጹ ይለያያል። ሁለቱንም አንድ ጊዜ ጎን ለጎን አስቀምጠህ ካየህ ሁለተኛ ማንም አያታልልህም።

7. ከጣሊያን የመጣውን በስሙ ጥራው።

ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ የምትባለው የሰሜን ጣሊያን ከተማ የመሣሪያ ሥራ አገር ናት። ኡበርቲ በ1959 እዚያ ተመሠረተ፤ ፒየታም የዚያው የብሬሻ አካባቢ ነው። የሁለቱ የ1873 ኮልት አምሳያዎችና የጥንት ባሩድ ሽጉጦች አሜሪካን ሞልተዋል። ብዙዎቹ አንድ ወጥ የዋልነት እጀታ ሲኖራቸው ላዩ ወደ ቀይ የሚያደላ፣ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ነው፤ ቦዩ ውስጥ ግን እንጨቱ ነጣ ብሎ ይታያል። አንዳንዱ ሻጭ ቫርኒሹን አስለቅቆ፣ በተልባ ዘይት አሽቶ፣ «አሮጌ ኮልት» ብሎ ያወጣዋል። ኮልት ላይ ስትሞክረው ለመግባት ጥቂት ይቀረዋል፤ ያ «ጥቂት» ነው ማንነቱ። በርካሽ ዋጋ፣ በራሱ ስም ከተሸጠ ግን ለሚሠራ ሰው ጥሩ ጥሬ ዕቃ ነው፤ እኔም ገዝቼ አውቃለሁ።

8. እንጨቱን በዓይንህ ለይ።

ዋልነት ቀዳዳዎቹ ይታያሉ፤ ላዩ ላይ አጫጭር ጥቁር ሰረዞች ሆነው ተበትነዋል። ቀለም የተነከረ ቢች ደግሞ ትናንሽ፣ ወፈር ያሉ ቡናማ ነጠብጣቦች አሉት። ዋንዛና ወይራ እያየ ላደገ ሰው ልዩነቱ ከባድ አይደለም፤ የሚያስቸግረው ሮዝዉድ ነው። «ሮዝዉድ» ተብሎ ከሚሸጠው ብዙው ስስ የእንጨት ልጥ በቀለም ተነክሮ፣ በሙጫ ተጨፍልቆ የተሠራ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ጠርዙን ስታይ መስመሮቹ ሁሉ እኩል ውፍረት አላቸው፤ ክብ በሆነው ሆዱ ላይ ደግሞ እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት ቀለበት በቀለበት ይወጣሉ። ተፈጥሮ እንዲህ በመስመሪያ አትሠራም። ይህ ዓይነቱ መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ ውሃ አይገባውም፣ አይጣመምም። ዋጋው ግን የሮዝዉድ ዋጋ አይደለም።

ኮኮቦሎ ከባድ፣ ቅባታማ፣ ብርቱካናማና ጥቁር የተቀላቀለበት ነው። ብናኙ ቆዳ ያሳክካል፣ ሳንባም ያስቆጣል፤ ማስክ ሳታደርግ አትፋቀው። ዞጲ ነው የሚሉህን ጥቁር እንጨት ደግሞ በብሎኑ ቀዳዳ ውስጥ እየው፤ ቀለም የተነከረ ከሆነ እዚያ ውስጥ ይነጣል።

የአልትራ ቫዮሌት ባትሪም ያዝ፤ ርካሽ ነው። ሼላክ የተቀባ አሮጌ ገጽ በጨለማ ውስጥ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ብርሃን ይሰጣል። የታደሰበት ቦታ ካለ ከቀሪው የተለየ ሆኖ ይወጣል፤ በቀን ብርሃን ያላየኸው የተሞላ ስንጥቅ እዚያ ይታይሃል።

9. በፎቶ ስትገዛ እነዚህን ጠይቅ።

የሁለቱንም ክፋይ ጀርባ፣ ከጎናቸው ማስመሪያ ተቀምጦ። ካሜራው ከላይ ቀጥ ብሎ ይሁን፤ ዘንበል ያለ ፎቶ መጠን ያዛባል። ከብሎኑ ቀዳዳ መሃል እስከ ታችኛው የፒን ቀዳዳ መሃል ያለውን ርቀት በካሊፐር ለክቶ ይጻፍልህ፤ እጀታ መግጠም አለመግጠሙን ከምንም በላይ የሚነግርህ ይህ ቁጥር ነው። የእግሩ ፎቶ፣ የላይኛው ጠርዝ ፎቶ። ብሎኑ የሚያርፍባቸው የናስ ቀለበቶች መኖራቸውን፤ አንዷ ከጠፋች ተመሳሳይ ማግኘት ቀላል አይደለም። ከዚያ የራስህን ሽጉጥ የእጀታ ብረት በወረቀት ላይ በእርሳስ ዙሪያውን አስምረህ ከፎቶው ጋር አስተያየው። ሻጩ ጀርባውን ለማሳየት ሰበብ ካበዛ፣ ሰበቡን አትመርምር፤ ሌላ እጀታ ፈልግ።

10. አሮጌውን አትፋቀው።

የብርጭቆ ወረቀት ይዘህ አሮጌ እጀታ አጠገብ አትድረስ። የፋብሪካ እንጨት ሲወጣ ከብረቱ ጋር እኩል ወይም በፀጉር ያህል ከፍ ያለ ነበር። ከተፋቀ በኋላ ከብረቱ ዝቅ ይላል፤ ጣትህን ስታሳልፍበት የብረቱ ጠርዝ ይይዝሃል። ይህንን ማንም አይመልሰውም። እርግጥ ዋልነት በዕድሜ ብዛት በአግድሙ ጥቂት ይኮማተራል፤ ስለዚህ በስፋቱ በኩል ትንሽ መቀነሱ ብቻውን ተፋቀ አያሰኝም። ከላይ እስከ ታች፣ በሁሉም ጠርዝ ዙሪያ እኩል ዝቅ ካለ ግን ተፍቋል።

ቆሻሻ ከሆነ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ፣ ቢበዛ በጥቂት የማዕድን ቅባት አብሰው። የደረቀ ከሆነ አንድ ጠብታ የተልባ ዘይት በጣትህ፤ ከዚያ በላይ አይጠጣም፣ ላዩ ላይ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። ዘይት የነካውን ጨርቅ ደግሞ ጨብጠህ አትጣለው፤ ራሱን በራሱ ያቀጣጥላል። ዘርግተህ ከቤት ውጭ አድርቀው። ስንጥቅ ካለ አምጣልኝ። በሱፐር ግሉ አታጣብቀው፤ ከዚያ በኋላ እኔም ብዙ አልረዳህም።

11. ድንበር የሚያቋርጥ ከሆነ ወረቀቱን አስቀድም።

እዚህ አሜሪካ በፌዴራል ሕግ የጦር መሣሪያ ተብሎ የሚቆጠረው ዋናው አካል እንጂ የእንጨት እጀታ አይደለም፤ ስለዚህ እጀታው ብቻውን በፖስታ ይሄዳል። እንጨቱ ግን ሌላ ሕግ አለው። የብራዚል ሮዝዉድ ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የብርቅዬ ዕፅዋትና እንስሳት ንግድ ስምምነት በጥብቁ መዝገብ ላይ ነው። ኮኮቦሎ ከ2013፣ የቀሩት የሮዝዉድ ዘመዶች ደግሞ ከ2017 መጀመሪያ አንስቶ በሁለተኛው መዝገብ ገብተዋል። በሁለተኛው መዝገብ ላሉት አነስተኛ መጠን ያለው የተሠራ ዕቃ የሚታለፍበት ድንጋጌ አለ፤ ሆኖም ጀርመንና ጣሊያን ካሉ ገዢዎች ጋር ከመዋዋልህ በፊት የራስህንም የገዢውንም አገር ጉምሩክ ጠይቅ። ሻጩ «ሮዝዉድ» ብሎ የጻፈውን ልጥ እንጨት አንተም «ሮዝዉድ» ብለህ ቅጽ ላይ ከሞላኸው፣ በሌለ እንጨት ምክንያት ዕቃህ ይያዛል። ስለዚህ የእንጨቱን ዓይነት እርግጠኛ ሆነህ ጻፍ።

አገር ቤት ስትሄድ ደግሞ እጀታ ሻንጣህ ውስጥ አትክተት። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ከወጣ ወዲህ ነገሩ ጠብቋል፤ ቦሌ ላይ ቆመህ ስለ ዋልነት ጭረት ለማስረዳት ጊዜ አይሰጡህም።

ስትልክ ሁለቱን ክፋዮች ጀርባ ለጀርባ አድርገህ በብሎን አታጥብቅ፤ መሃላቸው ባዶ ስለሆነ ሳጥኑ ላይ ከባድ ነገር ሲያርፍ ይሰነጠቃሉ። ለየብቻ በወረቀት ጠቅልላቸው፤ ብሎኑን በትንሽ ላስቲክ ለብቻው አድርግ። ፕላስቲክ በቀጥታ እንጨቱ ላይ አታጠብቅበት፤ እርጥበት ያፍናል። የጀርባውን ፎቶ አትመህ ከውስጥ አስቀምጥ፤ የገዛህበትን ቀንና ከምን ሽጉጥ እንደወረደ ከኋላው ጻፍበት።